በሬው ከመሸጡ በፊት ጫማሽን አውልቂ

ውድ እትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው ሐይቅ ከተማ ሲሆን በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ። ባለቤቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ያርሳል።

ካቻምና መኸር ላይ ወገቤን ያዘኝ። የሥራ ድካም ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቆይቶ በቀኝ መቀመጫዬ በኩል በጭኔና በባቴ ጀርባ እየወረደ እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ ይለበልበኝ ጀመር። ስቀመጥ ይብሳል፤ ሲያስለኝ ይነዝረኛል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ ሌላ መጣ። ማታ ማታ ሁለቱንም ውስጥ እግሮቼን ጉንዳን የወረራቸው ይመስለኛል፤ ባዶ እግሬን መሬት ላይ ቆሜ ምንጣፍ የረገጥኩ ያህል ይሰማኛል። ሌሊት እጄ ደንዝዞ ያነቃኛል፤ ካላራገፍኩት አይመለስልኝም።

ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ኩላሊት ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ፤ ሌላው ዲስክ ነው አለ። ራጅ ተነሥቼ «ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብሽም» ተባልኩ። የመጨረሻው ሐኪም «ጭንቀት ነው» ብሎ የድብርት መድኃኒት ጻፈልኝ፤ ተናድጄ አልገዛሁትም። የነርቭ ቫይታሚን የተባለውን ግን በመርፌም በክኒንም ወስጃለሁ፤ ክኒኑን ራሴ ከፋርማሲ እየገዛሁ እስከ ዛሬ አላቋረጥኩም።

እናቴ ክርስቲያን ናት፤ ጸበል ግቢ ትለኛለች። እኔም የያዝኩት የእርሷን ነው፤ ጾም አልገድፍም። የአባቴ እህት ደግሞ ወዳጃ ተቀምጠን ዱዓ እናድርግልሽ ትላለች። የባለቤቴ እህት «ፎቶው ንጹሕ ከሆነ ምን ሆንኩ ትላለች?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ወስዶ ኤም አር አይ ሊያስነሣኝ ካሉን ሁለት በሬዎች አንዱን ሊሸጥ ቆርጧል። ከዚያ በኋላ ባለ አንድ በሬ ሆኖ መቀናጆ ሊፈልግ ነው። እዚያም ሄጄ ምንም አልተገኘም ቢሉኝስ? በሬውንም አጥተን፣ እኔም ውሸታም ተብዬ ልቀር ነው። አንዳንዴ እኔም ራሴን እጠራጠራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሐይቅ

መልስ

እታለም፣ አብሽሪ።

ራሴን እጠራጠራለሁ ያልሽው ከሁሉም በላይ ስላሳሰበኝ ከእርሱ ልጀምር። ከወገብ ተነሥቶ፣ በመቀመጫ በኩል በጭንና በባት ጀርባ ወርዶ፣ ትንሿ የእግር ጣት ላይ የሚያልቅ ሕመም ሰው ቁጭ ብሎ የሚፈጥረው አይደለም። ከአከርካሪ ግርጌ የሚወጣ አንድ የነርቭ ሥር የሚጓዝበት መንገድ ነው። አንቺ የሕክምና መጽሐፍ ሳታነቢ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጻፍሽልኝ። በሳልሽ ቁጥር መንዘሩም ከዚያው ጋር የሚሄድ ነው፤ ሳል በአከርካሪ ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ የተነካው ነርቭ ያኔ ይቆጣል። «ምንም የለብሽም» የተባልሽው ደግሞ በራጅ ነው። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ ነርቭም ሆነ ዲስኩ ራሱ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ) በራጅ አይታይም። በትክክል የተነገረሽ «አጥንትሽ ደህና ነው» የሚል መልካም ዜና ነበር። ከዚያ ያለፈው የተናጋሪው ጭማሪ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በደብዳቤ ምርመራ እንደማይደረግም አውቃለሁ። ሆኖም የጻፍሽውን ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሞ መጣብኝ። ሁላችሁም፣ አንቺም ቤተሰቦችሽም ሐኪሞቹም፣ አንድ ስም ያለው አንድ በሽታ ስትፈልጉ ቆይታችኋል። ሦስት ዓይነት ክር ተተብትቦ አንድ ቋጠሮ መስሎሽ ቢሆንስ? በአንድ እግር ብቻ የሚወርደው የወገብ ሕመም አንድ ነው። የሁለቱ ውስጥ እግሮች መደንዘዝና መውረር ሌላ ነው። ሌሊት የሚያነቃሽ እጅ ደግሞ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ያን ያህል እንግዳ አይደለም፤ እንቆቅልሽ የሆነው አንድ ላይ ሲቀርብ ነው።

ከእጅሽ ልነሣ፤ ቀላሉ እርሱ ስለሚመስለኝ። የሚደነዝዙት የትኞቹ ጣቶች ናቸው? አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መካከለኛው ከሆኑ በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ መቀስ የሚይዝና ጨርቅ የሚገፋ እጅ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ሌሊት ያነቃል፤ እጅን ሲያራግፉት ይለቃል፤ ልክ እንዳልሽው። ማታ ስትተኚ አንጓሽ እንዳይታጠፍ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር ብዙ ሰው ይረዳል። በአንጻሩ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ወይም ቁልፍ መቆለፍ እያቃተሽ ከሆነ፣ በጨለማ ስትሄጂም የምትንገዳገጂ ከሆነ፣ ይህን ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። ያኔ መታየት ያለበት ወገብሽ ሳይሆን አንገትሽ ሊሆን ይችላል፤ የሚዘገይ ጉዳይም አይደለም።

የሁለቱ እግሮች ነገር በመጀመሪያ የሚጣራው በደም ምርመራ ነው። ስኳር አንዱ ነው። ምግብ ሳይቀመስ ጠዋት የሚለካ የደም ስኳር በተደጋጋሚ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው ይባላል፤ ስኳር ነርቭን ሲጎዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእግር ጫፍ ነው። እንቅርት ካለሽ ወይም በቤተሰብሽ ካለ የእንቅርት ዕጢው ሥራ ይታይ፤ እርሱ ሲዳከም እጅንም እግርንም ያደነዝዛል። የኤች አይ ቪ ምርመራም በዚህ ረድፍ ይገባል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወስደሽ ከሆነ ተናገሪ፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። በቆዳሽ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ በጥጥ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ ደግሞ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልጋል። ስሙ አያስደንግጥሽ፤ የሚድን በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። ለዚያ ለዚያ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሩቅሽ አይደለም።

ጾም አልገድፍም ያልሽውን ሆነ ብዬ ለብቻው አስቀርቼዋለሁ። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው፤ ሽሮና ምስር አይሰጡትም። ሰውነት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስለሚይዝ ጉድለቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ግን እንዲህ እግርን ያደነዝዛል። በፍስኩም ሥጋና ወተት ከቤትሽ ብዙ ጊዜ የሚጠፋ ከሆነ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር እኔ አልገባም። የነፍስ አባትሽን ግን አማክሪ፤ ለታመመ ሰው የሚሉት አያጡም።

«ታዲያ ቫይታሚኑን እየወሰድኩ አይደለም እንዴ?» ትይኝ ይሆናል። እዚህ ላይ በጣም እንድትጠነቀቂ እፈልጋለሁ። የነርቭ ቫይታሚን እየተባሉ የሚሸጡት ብዙዎቹ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አንድ ላይ የያዙ ናቸው። ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ የሚያሳየውም ምልክት የእጅና የእግር መደንዘዝ ነው። የእግርሽ መውረር የጀመረው ክኒኑን ከመጀመርሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቁጭ ብለሽ አስታውሺ። ባዶ ማሸጊያዎቹን ሰብስበሽ ይዘሽ ሂጂ፤ እስከዚያው ሌላ አትግዢ። ሐኪሙ ቢ12 ሊለካልሽ ከፈለገም እየወሰድሽ እንደነበር ማወቅ አለበት። አለዚያ የደሙ ውጤት ሞልቶ ይታይና እንደገና «ምንም የለብሽም» ልትባዪ ነው።

አሁን ወደ በሬው። ባለቤትሽ ያለውን ሸጦ ሊያሳክምሽ መነሣቱ ብቻውን ሕመምሽን እንደሚያምን ይነግረኛል፤ አንቺንም ሊነግርሽ ይገባል። እኔ ግን በሬው ዛሬ እንዲሸጥ አልፈልግም። ምክንያቴን ልንገርሽ፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ይህን ወረቀት አብራችሁ አንብቡት። የወገብ ኤም አር አይ የሚያሳየው ወገብን ነው። የእጅሽን መደንዘዝና የእግርሽን መውረር ምክንያት ከእርሱ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ። ደግሞም ዲስክ ወጣ ብሎ መታየት ሁልጊዜ የሕመም ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ተመልክቶ ነበር፤ 40 ዓመት አካባቢ ካሉት ግማሽ ያህሉ ዲስካቸው አበጥ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ምስሉ ንጹሕ ቢሆን ሐሰተኛ አያደርግሽም፤ እንከን ቢታይበትም የግድ መልሱ ተገኘ ማለት አይደለም።

ኤም አር አይ አያስፈልግሽም ማለቴ ግን አይደለም። እግር ላይ የሚወርድ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሻላል። ያንቺ ዓመት አልፎታል፤ እንዲሁ ሊታለፍ አይገባም። የማነሣው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። እስኪ ልጠይቅሽ፤ እስከ ዛሬ ካዩሽ ሐኪሞች ውስጥ ጫማሽን አስወልቆ የመረመረሽ ነበር? በጀርባሽ አስተኝቶ እግርሽን ቀጥ አድርጎ ያነሣ? ጉልበትሽንና ተረከዝሽን በትንሿ መዶሻ መታ መታ ያደረገ? በተረከዝሽ፣ ከዚያም በጣቶችሽ ጫፍ አራምዶ ያየ? ሹሉን ከዱልዱሙ ትለዪ እንደሆነ በመርፌ ጫፍ የነካካሽ? በደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ወረቀትና ብዙ ክኒን አየሁ፤ እንዲህ ያለ ምርመራ ግን አላየሁም። ወጪው የካርድ ብቻ ነው፤ የትኛው ነርቭ እንደተነካም ብዙ ይናገራል። ኤም አር አይ ማስፈለጉን፣ ካስፈለገም የወገብ ይሁን የአንገት የሚወስነው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙን «ውጤቱ ሕክምናዬን ይለውጠዋል?» ብለሽ ጠይቂው። አዎ ካለና ምክንያቱን ከነገረሽ በሬው ይሸጥ፤ እኔም አልቃወምም።

ያለ ቅደም ተከተል፣ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል የሚያስሮጡ ምልክቶች አሉ። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሳታውቂው ካመለጠሽ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተሽ፣ በጭኖችሽ መካከልና በመቀመጫሽ አካባቢ ስትታጠቢ መነካቱ ካልተሰማሽ፣ ወይም እግርሽ እየዛለ መጎተት ከጀመረ አትደሪ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡም ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የአከርካሪ ነቀርሳ እንደዚያ ሊጀምር ይችላል። ያልፈላ ወተት የምትጠጡ ከሆነም ተናገሪ፤ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ወገብ የሚይዝ በሽታ አለ። እነዚህን ምልክቶች ለባለቤትሽም ንገሪው።

ስለ ተቆጣሽበት መድኃኒት ደግሞ። «ጭንቀት ነው» ብሎ ሳያስረዳ የሚሸኝ ሐኪም ቢያናድድሽ አልፈርድብሽም። ግን ወረቀቱ እጅሽ ላይ ካለ ስሙን ተመልከቺ። አሚትሪፕቲሊን ከሆነ፣ ለድብርት ከሚሰጠው ባነሰ መጠን ለነርቭ ሕመም በዓለም ሁሉ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ያሰበው ይህን ሊሆን ይችላል፤ መናገሩን ዘንግቶት። ለሚቀጥለው ሐኪም አሳይተሽ «ለሕመሜ ነው ወይስ ለሐሳቤ?» በይው። እንቅልፍ እንደሚያመጣና አፍ እንደሚያደርቅ፣ የልብ ችግር ወይም እርግዝና ካለም አስቀድሞ መነገር እንዳለበት እወቂ።

በነገራችን ላይ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ብቻሽን ስትሆኚ ታለቅሻለሽ? ይህን የምጠይቅሽ ያ ሐኪም ልክ ነበር ለማለት አይደለም። ከ3 ወር ያለፈ ሕመም ነርቮችን ራሳቸውን ከልክ በላይ ንቁ እያደረገ ሊሄድ ይችላል፤ ትንሹም ነገር እንደ ትልቅ ይሰማል። በዚያ ላይ እንቅልፍ ማጣትና የሰው ወሬ ሲጨመር ይባባሳል። መንፈስሽ ቢደክም የወገብሽን ሕመም ሐሰት አያደርገውም።

እናትሽና አክስትሽ አያጣሉሽ። ወሎ ውስጥ ጸበልና ወዳጃ በአንድ ቤት አብረው ኖረዋል፤ ያንቺም ቤት የሚያስደንቅ አይደለም። ጸበሉም ዱዓውም ይደረግልሽ፤ ቀጠሮሽና መድኃኒትሽ ብቻ በመካከል አይቋረጡ። ወጌሻ ላሽሽ ቢልሽ ቀስ ብሎ ጡንቻሽን ቢያሽ ግድ የለኝም፤ ጀርባሽ ላይ እንዲቆም ወይም አከርካሪሽን እንዲጠመዝዝ ግን እንዳትፈቅጂለት። የደነዘዘ እግርሽንም በፍም ወይም በፈላ ውኃ አታሙቂ፤ ትኩሳቱ ስለማይሰማሽ ሳታውቂ ትቃጠያለሽ።

የባለቤትሽን እህት በተመለከተ ብዙ ጉልበት አታባክኚ። «ፎቶው አጥንት ነው የሚያሳየው፤ የኔ ሕመም የነርቭ ነው፤ ገና እየታየ ነው» በያትና ቡናሽን ጠጪ። ከዚያ በላይ ማስረዳት የባልሽ ድርሻ ነው፤ እህቱ ናትና እርሱ ይንገራት።

ሥራሽንም ልንካ። የስፌት መኪናሽን ፔዳል የምትረግጪው በየትኛው እግር ነው? በቀኝ ከሆነ፣ የታመመው እግር ቀኑን ሙሉ እየሠራ ነው። ለመኪናው ሞተር ማስገጠም ወጪ ቢኖረውም ከበሬ ጋር አይወዳደርም፤ አስቡበት። ወንበርሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ጉልበትሽ ከዳሌሽ በላይ እንዳይሆን ከፍ አድርጊው። አንድ ልብስ ገጥመሽ ስትጨርሺ ተነሥተሽ እስከ በር ድረስ ደርሰሽ ተመለሺ። አልጋ ላይ መዋል ያሽልሽ መስሎ ቢታይሽም ወገብን ያደክማል፤ በቻልሽው መጠን ተራመጂ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የልጆችሽን አሮጌ ደብተር ውሰጂ። በአንዱ ገጽ የሰው ቅርጽ ሳዪና የሚለበልበውን፣ የሚደነዝዘውንና የሚነዝረውን ቦታ በተለያየ ቀለም አቅልሚ። በሌላው ገጽ መቼ እንደጀመረሽ፣ ምን እንደሚያብሰውና ምን እንደሚያስታግሰው፣ እስከ ዛሬ ምን እንደወሰድሽ ጻፊ። የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፈሽ፣ ደሴ ላይ የውስጥ ደዌ ወይም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቅረቢ። ባለቤትሽ አብሮሽ ይግባ፤ አንቺ ስታፍሪ የሚናገርልሽ ሰው ያስፈልግሻል። ከዚያ ወዲህ በየፋርማሲውና በየክሊኒኩ አትዙሪ፤ ውጤትሽን ሁሉ ለዚያው ሐኪም እየመለስሽ አሳዪ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ስም ላያወጣለት ይችላል፤ ሁለተኛውንም እንዳትቀሪ። ስም እስኪገኝለትም ቢሆን ሕመሙን ማስታገስ ይቻላል፤ ይህንንም በግልጽ ጠይቂው።

ስትመለሺ ጻፊልኝ። የትኞቹ ጣቶችሽ እንደሚደነዝዙና መርፌ መስካት ያቅትሽ እንደሆነ ሳትረሺ ንገሪኝ። ባለቤትሽም የሚጠይቀኝ ካለ በዚያው ደብዳቤ ላይ ይጻፍ፤ ለእርሱም እመልሳለሁ።